በጣና ዳር የእርሻ መሬት ለአዳኝ አእዋፍ ያለውን ምቹነት እንዴት መገምገም ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጉማራ ዳር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። ከባሕር ዳር በዘንዘልማና በሐሙሲት በኩል እስከ ወረታ፣ ከወረታም ቁልቁል እስከ ሐይቁ ዳርቻ ባለው የእርሻ ምድር ለአዳኝ አእዋፍ የሚመቹትን ቦታዎች የሚያሳይ ካርታ ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። በሐይቁ ዙሪያ ስለ ውኃ ወፎች ብዙ ይነገራል፤ በማሳ ላይ ስለሚያድኑት ስለ ንስርና ስለ ጭልፊት ወገኖች ግን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተጣጥመው የሚጠበቁበት ክልል ሆኖ) ሲመዘገብ ሰፊ የእርሻ መሬትም አብሮ ስለተካተተ፣ ይህ መሬት ለእነዚህ አእዋፍ ምን እንደሚሰጣቸውና ምን እንደሚነሣቸው በሚገባ ሊታወቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እስካሁን የተከተልኩት አካሄድ የሚከተለው ነው። የሳተላይት ምስል ወስጄ መሬቱን በደን፣ በባሕር ዛፍ፣ በሰብል ማሳ፣ በግጦሽ፣ በረግረግና በመንደር ከፋፈልኩት። ቀጥሎም ለእያንዳንዱ የመሬት ዓይነት፣ እንዲሁም ከውኃ፣ ከመንገድና ከመንደር ላለው ርቀት የባለሙያዎችን አስተያየት በመመርኮዝ ነጥብ ሰጥቼ ደመርኩ። በዚህ ስሌት ከፍተኛውን ነጥብ ያገኙት የቤተ ክርስቲያን ደኖች፣ የባሕር ዛፍ ተክሎችና የሐይቁ ዳርቻ ሲሆኑ፣ የጤፍ፣ የዳጉሳና የሩዝ ማሳዎች ዝቅተኛውን ይዘዋል። በመስክ የሚታየው ግን ከዚህ ጋር አይስማማም። በኅዳር ወር ጤፍ ሲታጨድ ወፎቹ በብዛት የሚያንዣብቡት ካርታዬ ዝቅ አድርጎ በመዘነው በገላጣው ማሳ ላይ ነው፤ በነሐሴ ደግሞ በዚያው ማሳ ላይ ወፍ ማየት እጅግ ይቸግራል።

ስለዚህ ለሁሉም አዳኝ አእዋፍ አንድ ካርታ ማዘጋጀት ተገቢ ነው ወይ? ባሕር ዛፍን እንደ ጥሩ መኖሪያ ልቁጠረው ወይስ እንደ መጥፎ? የሚታደኑት አይጦችና ነፍሳት ብዛትስ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ እንዴት ሊለካ ይችላል? በመስክም ሆነ በቢሮ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብታግዙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ፦ ዘንዘልማ

ጤና ይስጥልኝ፣ ጉማራ ዳር። ጥያቄዎ ተገቢና ወቅታዊ ነው፤ በካርታውና በመስኩ መካከል ያዩትን ልዩነት እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ዋና ግኝት ቢይዙት እመክራለሁ። የመሬቱ ዓይነት ብቻውን ስለ ምቹነት ብዙ አይናገርም። የሚናገረው የትኛው ወፍ፣ በየትኛው ወር፣ ለየትኛው ሥራ መሬቱን እንደሚፈልገው ሲታወቅ ነው።

በመጀመሪያ «አዳኝ አእዋፍ» የሚለውን ስብስብ ይበትኑት። በአካባቢያችን ማሳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከሚገኙት አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ቡቴኦ አውጉር የሚባለው ነው፤ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ፣ ጅራቱ ቀላ ያለ ስለሆነ በግንድ ላይ ተቀምጦ በሩቁ ይለያል። ሁለተኛው ረጅም ጉትያ ያለው ጠቆር ያለ ንስር ሲሆን፣ በሚበርበት ጊዜ በክንፎቹ ጫፍ አካባቢ ነጭ ይታይበታል። ሦስተኛው ትከሻው ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ፣ ሌላው ሰውነቱ ነጭና ግራጫ የሆነው ትንሹ ጭልፊት ነው፤ ይህ ወፍ ክንፉን እያርገበገበ በአየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ሦስቱም በዋናነት የሚኖሩት በአይጥ ላይ ነው። ከእነዚህ ሌላ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ከሩሲያና ከካዛክስታን የሣር ሜዳዎች የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ የስቴፕ (የሣር ሜዳ) ንስር፣ ከጭልፊት ወገን የሆነው ትንሹ ከስትሬልና ሃሪየር የሚባሉት ከእነዚሁ ይመደባሉ። ትንሹ ከስትሬል በብዛት የሚበላው ፌንጣና ሌሎች ነፍሳትን ነው። ሃሪየር ደግሞ ክንፉን ወደ ላይ ከፈት አድርጎ ከሰብሉ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ እየበረረ ያድናል፤ የሚያድረውም እንደ ሌሎቹ ዛፍ ላይ ሳይሆን ረጅም ሣር ውስጥ መሬት ላይ ነው። ታዲያ ዛፍ ለጉትያው ንስር የግድ አስፈላጊ ሲሆን ለሃሪየር ግን ያን ያህል አያስፈልገውም። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነጥብ የሚሰጥ ካርታ ሁለቱንም በትክክል ሊገልጽ አይችልም። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ዝርያ መርጠው ለእያንዳንዱ የየራሱን ካርታ ቢሠሩ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የወፉን ሥራ መለየት ነው። ጎጆ የሚሠራበት፣ የሚያድርበት፣ ተቀምጦ የሚቃኝበትና የሚያድንበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል፤ በእርሻ መሬት ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደለም። የእርስዎ ካርታ ያሳየው፣ በእኔ ግምት፣ የማደሪያና የጎጆ ቦታን ነው። በኅዳር ያዩት ደግሞ የማደኛ ቦታን ነው። ሁለቱን በተለያየ የካርታ ንብርብር አስቀምጠው ከዚያ ርቀታቸውን ቢያገናኙ ነገሩ ይጠራል፤ ጎጆ የሚሠራበት ዛፍ ቢኖርም ወፉ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ውስጥ ማደኛ ከሌለ ቦታው ምቹ ሊባል አይችልም።

በማደኛ ቦታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። የአይጥ ብዛትና ወፉ አይጧን ማግኘት መቻሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጳጉሜና በመስከረም ጤፉ ጥቅጥቅ ብሎ፣ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ብዙ አይጥ ሊኖር ይችላል፤ ከላይ ለሚያየው ወፍ ግን ማሳው የተዘጋ ነው። አጨዳ ሲጀመር መጠለያው በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ አይጦቹም ወደ ድንበር ሣር፣ ወደ ነዶና ወደ ክምር ሲሸሹ ገላጣውን ማቋረጣቸው አይቀርም። በሌሎች አገሮች የእርሻ መሬት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም አዳኝ አእዋፍ አይጥ በበዛበት ረጅም ሰብል ፋንታ አይጥ ያነሰበትን የታጨደ ማሳ ሲመርጡ ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ ከመሬቱ ዓይነት ይልቅ የዕፅዋቱን ቁመት በየወሩ መመዝገብ ለካርታዎ ብዙ ይጨምራል። በተመረጡ ማሳዎች ላይ የመለኪያ ምልክት ባለው ዘንግ ቁመት መለካት በቂ ነው፤ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

ከዚህ የተነሣ ቢያንስ ለሦስት ወቅት የተለያየ ካርታ ያስፈልግዎታል፤ አንዱ ለክረምቱ፣ አንዱ ለአጨዳና ለውቂያ ጊዜ፣ አንዱ ደግሞ ከጥር እስከ መጋቢት ላለው ደረቅ ጊዜ።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ፣ ጥሩ ወይም መጥፎ ብሎ በአንድ ቃል መፍረድ አይቻልም። ቁመት ይሰጣል፤ ጉትያው ንስር በባሕር ዛፍ ላይ ጎጆ ይሠራል፣ ትንሹ ከስትሬልም በመንጋ ሆኖ በረጃጅም ዛፎች ላይ ያድራል። በተክሉ ውስጥ ያለው መሬት ግን ብዙውን ጊዜ ሣር የሌለበትና በቅጠል የተሸፈነ ስለሆነ የሚታደን ነገር አነስተኛ ነው። ለወፉ የሚጠቅመው ጠርዙ ነው፤ ከዛፉ ጫፍ ሆኖ አጠገቡ ያለውን ማሳ የሚቃኝበት መስመር። በመሆኑም የባሕር ዛፉን ስፋት ሳይሆን ከማሳና ከግጦሽ ጋር የሚዋሰንበትን የጠርዝ ርዝመት ይለኩ። አንድ ሙሉ ኮረብታ የሸፈነ ተክልና በማሳ ዳር የተተከለ ቀጭን ረድፍ በስፋት ሲመዘኑ የመጀመሪያው እጅግ ይበልጣል፤ ለአዳኝ ወፍ ግን ሁለተኛው ሊበልጥ ይችላል።

በማሳ መካከል ለብቻቸው የቆሙትን ዋንዛ፣ ሾላና ዋርካ አንድ በአንድ በጂፒኤስ ይመዝግቧቸው። በሳተላይት ምስል ላይ ከማሳው ጋር ተቀላቅለው ይጠፋሉ እንጂ፣ ሰፊ ቅርንጫፋቸውና በሁሉም አቅጣጫ ያለው ገላጣ ለመቀመጫም ለጎጆም ተመራጭ ያደርጋቸዋል። አርሶ አደሮቻችን ዋንዛን በማሳቸው ውስጥ ሳይቆርጡ የማቆየት የቆየ ልማድ አላቸው፤ ይህ ልማድ ለአዳኝ አእዋፍ የዋለው ውለታ በጥናት ሊመዘገብለት ይገባል።

ምላሽ፦ የወረታ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የግብርና ባለሙያ እንጂ የወፍ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ሆኖም ከዘንዘልማ ሐሳብ ላይ የምጨምረው አለኝ። የፎገራ ሜዳ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ መልኩን ቀይሯል። ሩዝ በደርግ ዘመን ከገባ በኋላ ቀድሞ የፎገራ ከብት ይግጥበት የነበረው የወል ግጦሽ በአብዛኛው ታርሷል፤ የወላላና የሸሸር ረግረጎችም በእርሻ እየተገፉ ጠበዋል። ሩዙ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ውኃ ባለበት ደግሞ በመስኖ ሽንኩርት ይለማል። ስለዚህ በሳተላይቱ ካርታ ላይ «የሰብል ማሳ» ተብሎ በአንድ ቀለም የተቀባው መሬት በውስጡ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች አሉት። አጭር ሆኖ መሬቱን ከፊል ገልጦ የሚበቅለው ሽምብራ ለሚያድን ወፍ ክፍት ነው። የሽንኩርት ማሳም ከላይ ሲታይ ክፍት ይመስላል፤ ነገር ግን ፀረ ተባይ ደጋግሞ የሚረጭበት በመሆኑ ነፍሳት የሚበላው ትንሹ ከስትሬል ወይ የሚበላው ያጣል፣ ወይ የተመረዘውን ይበላል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ነጥብ ማስቀመጥ ትክክል አይመስለኝም።

ሌላው የአይጥ መርዝ ነው። የትኛው መርዝ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሁሉም እኩል አይደሉምና። ዚንክ ፎስፋይድ በአይጧ ሆድ ውስጥ ወደ ጋዝ ተለውጦ ስለሚገድላት በሥጋዋ ውስጥ ብዙ አይከማችም፤ ስለዚህ አይጧን ለበላው ወፍ ያለው አደጋ በአንጻሩ ያነሰ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት የመርዝ ዓይነቶች ግን፣ በተለይ ብሮዲፋኩም፣ በጉበት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። አይጧም ወዲያው ስለማትሞትና ስለምትዳከም ለወፉ በቀላሉ የምትያዝ ሲሳይ ትሆናለች። ከዚህ የከፋው ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው፤ ጥንብ አንሳዎችን በአንድ ቀን በመንጋ ይጨርሳቸዋል። በየከተሞቻችን ቄራ ዙሪያ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወገኖች አንዱ ሆኖ የተመዘገበ ስለሆነ ይህ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅም እወዳለሁ፤ ጉጉትስ በጥናቱ ውስጥ አለች ወይ? በእኛ አገር ጉጉት በቤት አናት ላይ ስትጮኽ ክፉ ምልክት ናት ተብላ ስለምትባረር ሰው ስለ እርሷ ማውራትም አይወድም። ሆኖም ሌሊት በማሳና በአውድማ ላይ አይጥ የምታድነው እርሷ ናት። ነጭ ፊት ያላት ጉጉት በአሮጌ ሕንፃ ጣሪያ ሥርና በዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ትፈለፍላለች፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለእርሷ ጥሩ መጠለያ ነው። አርሶ አደሮችን ሲያነጋግሩ ስለ ጉጉት በቀጥታ ከመጠየቅ ይልቅ «ሌሊት በአውድማ የሚመጣ ወፍ አለ ወይ?» ብለው ቢጀምሩ የተሻለ መልስ ያገኛሉ። ጭልፊት ሲባልም ጫጩት የሚነጥቀውና አይጥ ብቻ የሚያድነው በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ ፎቶግራፍ ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው።

ጉማራ ዳር

ዘንዘልማና የወረታ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉጉት በዕቅዴ ውስጥ አልነበረችም፤ አሁን አካትታታለሁ። ሁለት ነገር ግን ገና አልጠራልኝም። መርዝንና የኤሌክትሪክ መስመርን የመሰሉ አደጋዎችን በምቹነት ነጥቡ ላይ ልቀንስ ወይስ ለብቻቸው ላስቀምጥ? ወፎችን ለመቁጠርስ በዋናው የጎንደር መንገድ ላይ በመኪና ቀስ ብሎ መሄድ ይበቃል ወይ?

ምላሽ፦ ካርታ ሠሪ

ከሁለተኛው ልጀምር። አይበቃም። በመኪና መቁጠር ሰፊ ቦታ በአጭር ጊዜ ስለሚሸፍን ለአዳኝ አእዋፍ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን በዋናው መንገድ ዳር የኤሌክትሪክ ምሰሶና የባሕር ዛፍ ረድፍ ስላለ ወፎቹ ለመቀመጥ ወደዚያ ይሳባሉ፤ እርስዎም የሚያዩዋቸው እዚያው ነው። ይህን መረጃ ብቻ ለማክስኤንት (አንድ ዝርያ ከታየባቸው ቦታዎች ተነሥቶ ምቹ ቦታዎችን ለሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም) ወይም ለሌላ ሞዴል ቢሰጡ «ከመንገድ አጠገብ ያለ ቦታ ምቹ ነው» የሚል መልስ ይመልስልዎታል፤ ይህም ስለ ወፉ ሳይሆን ስለ ቆጣሪው የሚናገር ነው። አካባቢውን በእኩል አራት ማዕዘኖች ከፍለው ከመካከላቸው በዕጣ ይምረጡ፤ ከመንገድ የራቁትም በብዛት እንዲገቡ ያድርጉ፤ በእግር ሄደው ከአንድ ነጥብ ላይ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ያዩትን ሁሉ ይመዝግቡ።

ያላዩበትንም ጊዜ ይመዝግቡ። በተመሳሳይ ወቅት ወደ አንድ ነጥብ ደጋግመው ከተመላለሱ «ወፉ የለም» እና «ወፉ አለ፣ ግን አልታየም» የሚሉትን ሁለት ነገሮች በስሌት መለየት ይቻላል። በክረምት ወፍ አለመታየቱ ወፉ ስለሌለ ነው ወይስ ሰብሉና ዝናቡ ስለጋረደው የሚለው ጥያቄም መልስ የሚያገኘው በዚህ ነው። ሰዓቱን በተመለከተ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው፤ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር ትልልቆቹ ንስሮች ከፍ ብለው ስለሚያንዣብቡ የትኛውን ማሳ እየተጠቀሙ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ስለ ምስሉ ጥራት አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ላንድሳት የተባለው ሳተላይት ምስል አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሹ ነጥብ) በምድር ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ሲሆን፣ ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት ደግሞ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። የግማሽ ሄክታር ማሳ በመጀመሪያው ከስድስት ፒክስል አይበልጥም፤ በሁለተኛው ግን ወደ 50 ይሆናል። የማሳችን ስፋት ትንሽ በሆነበትና የዘንዘልማ የጠርዝ ሐሳብ ዋና በሆነበት ሥራ ላንድሳትን ብቻ መጠቀም ጠርዙን ያጠፋዋል። ሴንቲኔል በየጥቂት ቀኑ ስለሚመላለስም ማሳው መቼ እንደታጨደ ለማወቅ ይረዳል፤ በክረምት ደመናው እንደሚያስቸግር ግን ከወዲሁ ይያዙት።

አደጋን በሚመለከት ለብቻው ያስቀምጡ እላለሁ፤ በዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ከምቹነቱ ነጥብ ላይ ከቀነሱት በጣም ምቹና በጣም አደገኛ የሆነው ቦታ ተቀናንሶ «መካከለኛ» ሆኖ ይወጣል፤ ዕቅድ አውጪውም ሳያየው ያልፈዋል። ወፎቹን የሚጨርሰው ግን እንዲህ ያለው ቦታ ነው፤ አይጥና ገላጣ ማሳ ይስባቸዋል፣ የሚቀመጡበት ምሰሶ ይገድላቸዋል። በ15 እና በ33 ኪሎ ቮልት መስመሮች ላይ የብረት አግዳሚ ባለው ምሰሶ የተቀመጠ ትልቅ ወፍ ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ ሊነካ፣ ወይም አንድ ሽቦና አግዳሚውን ሊያገናኝ ይችላል። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች ተርታ ለገባው ለስቴፕ ንስር ይህ በብዙ አገሮች የታወቀ የሞት ምክንያት ነው። ስለዚህ ሁለት ካርታ ጎን ለጎን ያቅርቡ፤ ሁለቱም ከፍ ያሉበትን ቦታ ደግሞ በተለየ ቀለም ያሳዩ። የወረዳው ባለሙያ የትኛው ምሰሶ ሽቦ ወፍ እንዳይነካው መጀመሪያ መሸፈን እንዳለበት ከዚያ ያነባል።

አይጥን በወጥመድ ለመቁጠር ጊዜ ከጠበበዎት፣ በማሳው ድንበር ላይ በተወሰነ ርዝመት ውስጥ ክፍት የሆኑ ጉድጓዶችን ይቁጠሩ፤ ማታ በአፈር ይድፈኗቸውና ጧት የተከፈቱትን ብቻ እንደገና ይቁጠሩ። ትክክለኛውን ቁጥር ባይሰጥም አንዱን ማሳ ከሌላው ለማነጻጸር በቂ ነው። የፌንጣውን በእግር እየተራመዱ ከፊትዎ የሚዘሉትን በመቁጠር ይያዙት።

ካርታው ሲያልቅ በሠሩበት ቦታ መረጃ አይፈትኑት። በግልገል ዓባይ ሜዳ ወይም በደምቢያ ከተሰበሰበ ሌላ መረጃ ጋር ያመሳክሩት፤ እዚያም ከሠራ ሊያምኑት ይችላሉ።

ዘንዘልማ

በካርታ ሠሪ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንድ የረሳነው ዓሣ በል ንስር ነው። የሚያድነው ከውኃው ላይ ስለሆነ ከማሳ ወፎች ጋር አይደባለቅ፤ በጥናቱ ውስጥ ሊገባ የሚገባው በጎጆው ምክንያት ነው። ጎጆውን በውኃ አቅራቢያ ባሉ ትልልቅ ዛፎች ላይ ስለሚሠራ፣ በጉማራና በርብ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ያሉት እንዲህ ያሉ ዛፎች ደግሞ በእርሻ ውስጥ የቆሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ የዛፎቹ ዕጣ በአራሹ እጅ ነው። በዚያ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እንቦጭ ስለተንሰራፋ ዛፉ ቆሞ ሳለ ከፊቱ ያለው ውኃ ለአደን የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛፎቹን ሲመዘግቡ ከእያንዳንዱ እስከ ቅርቡ ክፍት ውኃ ያለውን ርቀት በክረምት አንድ ጊዜ፣ በበጋ አንድ ጊዜ ይለኩ፤ እንቦጩ በነፋስና በውኃው መሙላትና መጉደል ቦታ ስለሚቀይር የአንድ ወቅት ልኬት አይበቃም።